ላመናችሁኝ ሁሉ

የፊኛ ሕመም ከያዘኝ አራት ዓመት አለፈኝ። ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ሆኖም ወደ ሥራዬም ወደ ሳቄም ተመልሻለሁና ምስጋናዬን በሰው ፊት ልናገር።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ፊኛ ሽንት መያዝ ሲጀምር ያማል፣ ሲሸኑ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይነሣል። ሌሊት ስድስት ሰባቴ እነቃ ነበር። የሽንት ምርመራው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ባክቴሪያ ስለሌለ አንቲባዮቲኩም አልፈየደኝም። ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ (ያለ ባክቴሪያ የሚቆይ የፊኛ ሕመም) የሚለውን የሕመሜን ስም እስክሰማ ድረስ «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ከሕመሙ ይልቅ የሰበረኝ ይህ ቃል ነው። ውሎ አድሮ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። መጸዳጃው የት እንደሆነ ወደማላውቅበት ቦታ መሄድ ተውኩ፤ ቀስ በቀስ ከሰው ራቅኩ።

ዶክተር፣ ታሪኬን ሳያቋርጡ ሰምተው «አምንሻለሁ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሲልኩኝ ግን ተቆጥቼ ነበር፤ ያው «ጭንቀት ነው» የሚባለው መሰለኝ። እሷ መጀመሪያ ያለችኝ «ሕመሙን አንቺ አልፈጠርሽውም» ነው። ሕመም ሲደጋገም ነርቮች ይበልጥ ንቁ እንደሚሆኑ፣ ፍርሃት የዳሌ ሥር ጡንቻዎችን እንደሚያኮማትር፣ የተኮማተረው ጡንቻ ደግሞ ሕመሙን እንደሚያብስ አስረዳችኝ። «አበቃልኝ» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ቆም ብዬ እንድመረምረው፣ በረጅሙ እየተነፈስኩ ሰውነቴን እንዳላላ አለማመደችኝ። አንድ ቀን «መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እህቴ፣ ያን ጥያቄ ሳትፈሪ ስለጠየቅሽኝ ዕድሜ ይስጥሽ።

ባለቤቴ፣ መቀራረብ የሚያማትን ሚስትህን አንድም ቀን በደለኛ አላደረግካትም። በር ላይ ቆመህ ስንት ሌሊት እንደጠበቅከኝ እኔ አውቃለሁ።

አለቃዬ፣ ምክንያቱን ሳትጠይቂ ጠረጴዛዬን ወደ መጸዳጃው አቅራቢያ አዛወርሽልኝ። ለአንቺ ትንሽ ነገር ይሆናል፤ እኔ ሥራ ያልለቀቅኩት በእሱ ነው።

ባለፈው ወር የሦስት ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ ሄድኩ። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ።