ከማሰሪያው በፊት ምክንያቱ ይፈለግ

ክቡር አዘጋጅ፦

ሕመምተኛን ከአልጋ ጋር ስለ ማሰር በጋዜጦች እምብዛም አይጻፍም። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት እኔም በእጄ ያደረግሁት ነገር በመሆኑ፣ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም።

አንድ ሌሊት፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አዛውንት ከአልጋ ለመውረድ ደጋግመው ሲታገሉ፣ ጉሉኮሱን ይነቅሉታል ብለን ስለፈራን ሁለቱንም እጆቻቸውን በፋሻ አሰርን። ሲነጋ ተራውን የተረከበችን ባልደረባችን ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ሆዳቸውን ብትዳስስ፣ የሽንት ቱቦው ታጥፎ ፊኛቸው ተወጥሮ ኖሯል። ቱቦው እንደተቃና ሽንቱ ወረደ፤ እሳቸውም ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። በካርዳቸው ላይ ግን «ይረበሻሉ፤ ታስረዋል» የሚለው የእጅ ጽሑፌ ሰፍሮ ነበር።

ሕመም፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት፣ አልኮል በድንገት ማቋረጥ፣ ሁሉም ሰውን ያቃዣሉ፣ ያታግላሉ። ማሰሪያ ከእነዚህ አንዱንም አያክምም፤ እንዲያውም ታካሚው ሊያመለክት የሚሞክርበትን እጅ ይይዝበታል። በዚያ ላይ የራሱ ጉዳት አለው። ታስሮ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው እግሩ ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊገድለው ይችላል፤ በጀርባው የታሰረ ሰው ሲያስመልሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ወደ ታች ሲንሸራተት ደግሞ የደረት ማሰሪያው ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል። እንዳይወድቁ ተብለው የሚታሰሩ አዛውንትም ጡንቻቸው ስለሚደክም፣ በተፈቱ ጊዜ ለመውደቅ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

አንድ ነርስ ብዙ ታካሚ በሚጠብቅበት ሌሊት፣ የመተንፈሻ ቱቦውን ሊነቅል የሚታገል ሰው ሲያጋጥም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማሰር ጨርሶ መቅረት አለበት አልልም። ሆኖም እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኮኖሊ በ1839 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንደን አጠገብ በሃንዌል የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ማሰሪያዎችን ያስቀረው፣ ለመረበሽ ዛሬ የምንሰጣቸው መድኃኒቶች ገና ባልነበሩበት ዘመን ነው። የእሱ ዘዴ በሰው ላይ፣ ማለትም በቅርብ በሚከታተሉ አስታማሚዎች ላይ የተመሠረተ ነበር።

የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ኃይለኛ ጠባይ ያሳየን አዋቂ ለማሰር የተሰጠ ትእዛዝ ካልታደሰ ከ4 ሰዓት በላይ አይጸናም፤ ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ገደቡ 1 ሰዓት ነው፤ «እንደ አስፈላጊነቱ ይታሰር» ብሎ ማዘዝም ክልክል ነው። የትኛውም ሆስፒታል ማሰሪያን እንደ መድኃኒት ቆጥሮ ማን እንዳዘዘው፣ በስንት ሰዓት እንደሚፈታ፣ ከመታሰሩ በፊትም ምን ምን እንደተመረመረ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ቅጽ ካርዱ ውስጥ ማስገባት ይችላል። ቤተሰብ አጠገቡ እንዲቀመጥ መፍቀድ፣ መነጽሩንና የመስሚያ መሣሪያውን መመለስ፣ አልጋውን ዝቅ ማድረግም ወጪያቸው ትንሽ ነው።

ያን ሌሊት እንዲህ ያለ ቅጽ ፊቴ ቢኖር ኖሮ፣ ፋሻውን ከማንሳቴ በፊት ብርድ ልብሱን በገለጥሁ ነበር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት ነርስ