አይሞላም እንዴ?

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ትታዘቢኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ይቅርታውን በአካል ስንገናኝ እጠይቅሻለሁ። አሁን የምጽፍልሽ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለአምስተኛ ክፍል ልጆቼ የካርቦን በጀትን ላስተምር ገባሁ። ጊጋቶን ብላቸው ማን ይሰማኛል? 500 ጠጠር ለቅሜ በባልዲ ይዤ ሄድኩ። አንዱ ጠጠር አንድ ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የምድር ሙቀት ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር የግማሽ በግማሽ ዕድል እንዲኖረን ከተፈለገ፣ በፈረንጆቹ ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ ዓለም በጠቅላላ የምትለቀው ከዚህ መብለጥ የለበትም። በዓመት የምንለቀው ደግሞ 40 ገደማ ነው።

ልጆቹ በየተራ አርባ አርባ እየቆጠሩ አወጡ። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ስድስተኛው ዙር ላይ ባልዲው ሊጋመስ ሲል ጫጫታው ቀነሰ። ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ይሞላል አይደል?»

ክው አልኩልሽ። ጓደኛው ተቀበለው። «አዎ! ካልተጨረሰ ደግሞ ይመለሳል። አባዬ ቢሮ እንደዛ ነው። ቶሎ እንጨርሰው!»

ምን ይሁኑ? በጀት ሲባል የሚያውቁት በየዓመቱ የሚታደሰውን ነው። ይሄኛው አይታደስም። ከምንለቀው ግማሽ ያህሉን ባሕሩ፣ ዕፅዋቱና አፈሩ ይወስዱልናል። ከቀረው ብዙው ለመቶዎች ዓመታት አየር ላይ ይቆያል፤ የዘንድሮው በአምናው ላይ ይደረባል። ይህን ከጠጠሩ በፊት መናገር ነበረብኝ።

አንዷ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ «ሲያልቅ እንሞታለን?» አለችኝ። 1.5 ገደል አይደለም፣ ከዚያ በኋላም 1.6 ከ1.7 ይሻላል አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። እስክትወጣ ድረስ ዓይኗ ባልዲው ላይ ነበር።

«በጀት» የሚለውን ቃል ልለውጠው አሰብኩ። «ስንቅ» ልበለው? ስንቅ መንገድ ላይ አይሞላም። ግን ስንቅ ደግ ነገር ነው፣ ይሄ ደግሞ ጭስ። አንቺ ቃል አይቸግርሽም፤ ካገኘሽ ቶሎ ላኪልኝ። ማክሰኞ ተመልሼ እገባለሁ።

ያንቺው