ያልተገኘ ማዕድን ሪፖርታችን ውስጥ ለምን ይጻፋል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። የመስክ ሪፖርታችን የደረሳችሁ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ ተመሳሳይ ነገር ጠይቃችሁናል። «የሚጠበቁ ማዕድናት» በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ በናሙናው ያልታየ ነገር ለምን ይጻፋል? ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘብ የሚወጣበት ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብለን እናስረዳ።

ማዕድናት እንዲሁ በዘፈቀደ አይቀመጡም። ተመሳሳይ ሙቀት፣ ግፊትና ንጥረ ነገር ባለበት ቦታ አብረው ይፈጠራሉ። ቄጠማ ተጎዝጉዞ እጣን ሲጨስ ያየ ሰው፣ ጀበናውን ሳያይ ቡና መኖሩን ያውቃል። እኛም የምንገምተው ከጎረቤቶቹ ተነስተን ነው።

አረንጓዴውን የከበረ ድንጋይ፣ ኤመራልድን እንውሰድ። ኤመራልድ እንዲፈጠር ቤሪሊየም የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። አረንጓዴ ቀለሙን የሚሰጠው ደግሞ በዋናነት ክሮሚየም ነው። ችግሩ ሁለቱ አንድ ቤት አይኖሩም። ቤሪሊየም የሚገኘው ፔግማታይት በሚባለው ነጣ ያለ፣ ትልልቅ ክሪስታል ባለው አለት ውስጥ ነው። ክሮሚየም ያለው ግን በጥቋቁር፣ ማግኒዥየም በበዛባቸው አለቶች ነው። ስለዚህ ፔግማታይት ታልክ የሚባለው ለስላሳ ማዕድን ያለበትን ወይም ጥቁር ሚካ የበዛበትን አለት ሰንጥቆ ያለፈበት ድንበር ካገኘን፣ አንድም አረንጓዴ ድንጋይ ሳናይ «ኤመራልድ ይፈለግ» ብለን እንጽፋለን። በጉጂ ዞን፣ በሻኪሶ አካባቢ የተገኘው ኤመራልድም ከዚህ ዓይነት ግንኙነት የወጣ ነው። እዚያው ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ የሚባለው ቦታ ለኤሌክትሮኒክስ በሚውለው ብረት፣ በታንታለም ይታወቃል። ሊቲየም የያዘው ማዕድን፣ ስፖዱሚንም አብሮት አለ። ስፖዱሚን ግን ላይ ላዩን አየርና ውኃ ሲያገኘው ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣል። ላዩን ብቻ ያየ ሰው የለም ብሎ ይሄዳል። ሠንጠረዡ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

አብሮ መገኘት የሚያስተምረን የሚኖረውን ብቻ አይደለም፤ የማይኖረውንም ነው። ሳፋየርና ኳርትዝ አብረው አይፈጠሩም ማለት ይቻላል። ሳፋየር የተሠራበት አሉሚናና ኳርትዝ የተሠራበት ሲሊካ ሲገናኙ ሌላ ማዕድን ይሠራሉ። ስለዚህ ኳርትዝ ላይ ተጣብቆ ያደገ ሰማያዊ ድንጋይ «ሳፋየር ነው» ተብሎ ሲቀርብላችሁ ቶሎ አትክፈሉ። ካያናይት የሚባል ሌላ ሰማያዊ ማዕድን ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። የወንዝ አሸዋ ውስጥ ሳፋየርና ኳርትዝ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ያ ግን ውኃ ያገናኛቸው ነው። ወርቅ አጣቢዎቻችን በገበቴያቸው ሥር ወርቅን ከጥቁር አሸዋ ጋር የሚያገኙትም ሁለቱም ከባድ ስለሆኑ ነው፤ አብረው ተፈጥረው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ድንጋዩ ከአለት ተሰብሮ ይሁን ከደለል ተለቅሞ ካልነገራችሁን ግምታችን ከመነሻው ይሳሳታል።

ከጎረቤት ማዕድን ተነስቶ የመገመቱ ልማድ አሁን በኮምፒውተር እየተሠራበት ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ተመራማሪዎቹ ሻውና ሞሪሰን፣ ሮበርት ሄዝንና ባልደረቦቻቸው ወደ 296 ሺህ ከሚጠጉ ቦታዎች፣ ከ5,400 በላይ የማዕድን ዓይነቶችን መረጃ አሰባስበው የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገኝ በማሽን አስጠኑ። በዚህም የዩራኒየም፣ የሊቲየምና የሬር ኧርዝ (ለቴክኖሎጂ የሚፈለጉ የብረት ንጥረ ነገሮች) ማዕድናት አዲስ ሊገኙባቸው የሚችሉ ቦታዎችን ተነበዩ። ከትንበያዎቹ የተወሰኑት በመስክ ተፈትሸው ተረጋግጠዋል። እኛ ያን ያህል አቅም የለንም። መርሁ ግን አንድ ነው።

ደግመን የምንነግራችሁ ነገር ቢኖር ይህን ነው፦ ትንበያ ክምችት አይደለም። ማዕድኑ ሊኖር እንደሚችል ይናገራል እንጂ ስንት ቶን እንደሆነ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ፣ ለጌጥ የሚሆን ጥራት ይኑረው አይኑረው አይናገርም። የተመዘገበው መረጃም ጎዶሎ ነው። ሰው የሚያምረውንና የሚሸጠውን ይመዘግባል፤ ተራ የሚመስለውን ያልፈዋል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ብቻ ተማምናችሁ ኤክስካቫተር አትከራዩ፤ ሽርክናም አትፈርሙ። ሠንጠረዡ የሚጠቅመው ቀጣዩ ናሙና የት ይወሰድ፣ ላቦራቶሪው ምን ይመርምር የሚለውን ለመወሰን ነው። ምርመራ ውድ በሆነበት አገር ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው ታዲያ የሚያብረቀርቀውን ድንጋይ ብቻ አይደለም። አጠገቡ ያለውን ዝገት የመሰለ፣ ጥቁር፣ ሰባራ፣ ማንም የማይፈልገውን ድንጋይም አምጡልን። አትጠቡት። እያንዳንዱን በየፌስታሉ ለዩት፤ የተገኘበትን ቦታ በስልካችሁ ጂፒኤስ መዝግባችሁ ወረቀቱን አብራችሁ አስገቡ። ከአለቱ ላይ ከሆነ የተነሳው፣ ከመስበራችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። የቀድሞ ናሙናችሁ መጋዘናችን ውስጥ ያለ ደንበኞች፣ ይህን መረጃ ካመጣችሁልን ሠንጠረዡን እንደገና እንሠራላችኋለን፤ ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ የመስክና የናሙና ክፍል