ጣርማ በርን ከመውረዳችን በፊት ጎማችንን የሚለካ ሰው ይቁምልን

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞን የትራንስፖርት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ሲና ነው። ሥራዬ ጎሚስታ ነው። 17 ዓመት ሙሉ ጎማ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ግን ግንቦት ተጋምሷል፣ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፣ ይህን ሳልናገር ዝናቡ ከጀመረ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምጠይቀውን አስቀድሜ ልንገርዎ። በክረምቱ ወራት፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር በሚወጣው መንገድ ላይ መኪና ከሚያልፍበት ዋሻ በፊት፣ ከታች ደግሞ ከሸዋ ሮቢት መውጫ ላይ፣ የመኪና ጎማ ጥርስ የሚለካ ሰው ይቁምልን። በዓይን አይቶ የሚያሳልፍ ሰው ማለቴ አይደለም። በሚሊሜትር የሚለካ።

ለምን እንደምጠይቅ ልንገርዎ።

አምና ሐምሌ ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ስልክ ተደወለልኝ። የማውቀው የሚኒባስ ሹፌር ነው። "ቸርኬ ተጣሞብኛል፣ ክሪክ ይዘህ ድረስልኝ" አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ወጣሁ። ጉሙ አስፋልቱን ውጦታል፣ አምስት እርምጃ ፊት ለፊት አይታይም። መኪናዋን ያገኘኋት ፊቷን ወደመጣችበት ወደ ተራራው አዙራ ነው። ከዋሻው ወጥታ እየወረደች ኩርባው ላይ ሹፌሩ ፍሬን ነካ ሲያደርግ ኋላዋ ወጣ፣ ዞረች፣ የፊት ጎማዋ ከመንገዱ ዳር ግንብ ጋር ተላተመና ቆመች። ከግንቡ ወዲያ ገደል ነው። ሰው ሙሉ ነበረች። አንድም ሰው አልሞተም። አንዲት እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው፣ "ተመስገን፣ ተመስገን" ይላሉ። ማቆም አቃታቸው። እኔ ስሠራ፣ ክሪኩን ስሰቅል፣ ቡሎን ስፈታ፣ እስክጨርስ ድረስ ያንኑ ይላሉ።

ከዚያ የኋላውን ጎማ ዳሰስኩት። እጄ ሸርተት አለ። እንደ ምጣድ ልሙጥ ነው። ከኪሴ ክብሪት አውጥቼ እንጨቱን ጥርሱ መሃል ላስገባ ሞከርኩ። የክብሪት እንጨት ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቦይ የሚባል ነገር ስላልነበረ እላዩ ላይ ተንጋሎ ቀረ። ወደ ፊት ዞርኩ። የፊቶቹ ሁለቱም አዲስ ናቸው። የፋብሪካ ጸጉራቸው እንኳ ገና አልረገፈም።

እነዚያን ሁለት አዲስ ጎማዎች ከዘጠኝ ቀን በፊት የገጠምኳቸው እኔ ነኝ። ሹፌሩ "ሁለት ብቻ ነው መግዛት የቻልኩት፣ ፊት ግጠምልኝ" አለኝ። እሺ አልኩ። ገጠምኩ። ሒሳቤን ተቀበልኩ። ክቡር ኃላፊ፣ ይህንን ለማንም አላሳብብም። ያን ቀን "አይሆንም፣ አዲሱ ከኋላ ነው የሚገባው" ማለት ነበረብኝ።

እዚህ አገር ሹፌር ሁሉ አዲስ ጎማ ከፊት ነው የሚለው። ምክንያት አለው። የፊት ጎማ ከፈነዳ መሪ ይነጥቃል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ውሸት አይደለም። በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የፊት ጎማ ሲያዳልጥ ሹፌሩ በመሪው ይሰማዋል። መሪው ይቀለዋል፣ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል፣ መኪናው ቀዝቀዝ ሲል ጎማው መልሶ ይይዛል። የኋላው ሲያዳልጥ ግን የሚሰማው መኪናው መዞር ከጀመረ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ የደነገጠ ሰው እግሩ ወደ ፍሬን ነው የሚሄደው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይጫናል፣ ኋላው ይቀላል። የቀለለው ጎማ ላይ ጥርስ ከሌለ መሬቱን በምን ይያዝ? ጎማ አምራቾቹ ራሳቸው ሁለት ብቻ ከገዛችሁ አዲሶቹን ከኋላ አድርጉ ብለው ይመክራሉ። የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ቢሆንም እንኳ።

ጥርስ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። አንድ የሚኒባስ ጎማ መሬት የሚነካው በመዳፍ ስፋት ነው። ያ ሁሉ ሰውና ሻንጣ በአራት መዳፍ ነው የተንጠለጠለው። ዝናብ ሲዘንብ በመዳፉና በአስፋልቱ መሃል ውሃ ይገባል። ጥርሱ ቦይ ነው፤ ውሃውን ተቀብሎ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ያወጣል። ቦዩ ከሌለ ውሃው መሄጃ ያጣል፣ ጎማውን ያነሳዋል፣ መኪናው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈ መኪና ፍሬን ቢያዝ ባይያዝ፣ መሪ ቢዞር ባይዞር ልዩነት የለውም። ኤ ቢ ኤስ አለው የሚሉኝም አሉ። ኤ ቢ ኤስ ጎማው እንዳይቆለፍ ያደርጋል እንጂ የሌለ ጥርስ አያበቅልም።

የኛን ሹፌሮች የሚያታልላቸው በጋው ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ጥርሱ ያለቀ ጎማም ደህና አድርጎ ይይዛል። ልሙጥ ጎማ እንዲያውም ብዙ ላስቲኩ መሬት ይነካል። ስለዚህ ሹፌሩ "በዚህ ጎማ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ተመላልሻለሁ፣ ምንም አላለኝም" ይላል። እውነቱን ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ካፊያ ይመጣል። በበጋ የተጠራቀመው አቧራ፣ ዘይትና የጎማ ፍርፋሪ ከውሃው ጋር ይላቆጥና አስፋልቱ ሳሙና ይሆናል። በዚህ ላይ ከመንዝ በኩል፣ ከመዘዞና ከሞላሌ የሚመጡ መኪኖች ጭቃቸውን እስከ መገንጠያው ይዘው ይመጡና ዋናው መንገድ ላይ ያራግፉታል። እኔ ዘንድ ብዙ ሥራ የሚመጣው በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

አዲስ የመኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊሜትር ያህል ጥርስ አለው። በብዙ አገር ሕግ 1.6 ሚሊሜትር ሲደርስ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ቦዩ ውስጥ ከፍ ያለች ትንሽ ድልድይ አለች፣ ጥርሱ ከእሷ እኩል ከሆነ ጎማው አለቀ ማለት ነው። ለማንም የሚታይ ነው። ግን ውሃ ማስወጣቱ የሚደክመው ከዚያ በፊት ነው፤ ከ3 ሚሊሜትር በታች ሲወርድ ዝናብ ላይ ማቆሚያው ርቀት በግልጽ ይረዝማል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገድ ደግሞ እንደ ሜዳ መንገድ አይቆጠርም። ለዚህ ቁልቁለት ለክረምት 3 ሚሊሜትር ይሁንልን ነው የምለው።

አየሩንም ልጨምር። ሰው የማያስበው ነገር ስለሆነ። ሹፌሩ ሮቢት ላይ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎማው ግሎ፣ አየር ያስሞላል። መለኪያው ትክክል ያሳያል። ከዚያ ይወጣል። ጣርማ በር ሲደርስ ብርዱ ሌላ ዓለም ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የጎማው አየር 2 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይወርዳል። ጎማው አድሮ ቀዝቅዞ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ሲነሳ አየሩ ጎድሏል። አየር የጎደለው ጎማ መሃሉ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት ያቅተዋል። ጥሩ ጥርስ ኖሮትም ይንሳፈፋል። ተቃራኒውም አለ። ቁልቁለቱን ጨርሶ ሮቢት ሲደርስ "ጎማዬ ነፋ" ብሎ የሚያስተነፍስ አለ። ሲመለስና ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን ያስቡት። ጎማ የሚለካው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ነው።

የጭነት መኪናው ደግሞ የባሰ ነው። አይሱዙና ኤፍ ኤስ አር ከኋላ ድርብ ጎማ ነው። የውጪው ደህና ሆኖ የውስጡ ልሙጥ የሆነበትን ስንቱን አይቻለሁ። የሚያይ ሰው ቆሞ ስለሚያይ የውስጡ አይታየውም። ተንበርክኮ እጅ መክተት ያስፈልጋል። ያለቀውና አዲሱ ጎን ለጎን ሲገጠሙ ቁመታቸው አይመጣጠንም፣ ረጅሙ ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል። ያለቀ ጎማ በትኩስ ቢላ እንደገና የሚያስቀርጹም አሉ። "ሪግሩቬብል" የሚል ጽሑፍ ጎኑ ላይ ያለበት የጭነት ጎማ እንዲህ እንዲደረግለት ታስቦ የተሠራ ነው። የሌለበትን መቅረጽ ግን እስከ ሽቦው መብላት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥርስ ያለው ይመስላል።

ዕድሜም አለ። ጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2318 ካለ በፈረንጆች 2018 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ በእኛ ሰኔ 2010 ገደማ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ እንደ እንጨት የደረቀ ጎማ አለ። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ላይ ብዙ አያለሁ። በጥፍር ቢጫኑት አይገባም። ብርድ ሲመታው ደግሞ የባሰ ይደርቃል። እንዲህ ያለው እርጥብ ኩርባ ላይ አይታመንም።

"ለቦሎ በየዓመቱ ይመረመራል" ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ምርመራው ግን አንድ ቀን ነው፣ ጎማው የሚያልቀው 365 ቀን ነው። ያንንም ቀን የሚያጭበረብሩ አሉ። አራት ደህና ጎማ ለአንድ ቀን ተበድሮ፣ አስመርምሮ፣ ማታውኑ መልሶ የራሱን አሮጌ የሚያስገጥም ደንበኛ መጥቶብኛል። አንዱን መልሼዋለሁ። ሌላ ጋ ሄዶ እንዳስገጠመ ሰማሁ። የትኛውንም ጣቢያ ለመክሰስ አይደለም፤ በዓመት አንዴ ማየት ለዚህ መንገድ አይበቃም ለማለት ነው።

ሹፌሩንም አልኮንንም። ዶላሩ በሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ ጎማ ስንት እንደገባ እርስዎም ያውቁታል። መኪናው የባለንብረቱ ነው፣ ባለንብረቱ አዲስ አበባ ነው፣ ሹፌሩ በቀን ገቢ አስገቢ ነው። "ጎማ ግዛልኝ" ሲል "ትንሽ ይሠራል፣ ግፋበት" ይባላል። አደጋ ሲደርስ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። ያ የአምናው ሹፌርም "በፍጥነት በማሽከርከር" ተብሎ ነው የተጻፈበት። በሦስተኛ ማርሽ ነበርኩ ይላል። አብሬው ስላልነበርኩ አልምልለትም። ግን ያን ቀን ጎማውን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም።

ስለዚህ እባክዎ፣ ለኪው በመጀመሪያው ቀን ሹፌሩን አይቅጣ። ልኩን ሚሊሜትር የጻፈ ወረቀት ይስጡት፣ አንዱን ኮፒ ለባለንብረቱ ይላኩለት፣ አስራ አምስት ቀን ይስጡት። ከ1.6 በታች የሆነውን ብቻ ጉም ባለበት ቀን አያውርዱት። መለኪያው ትንሽ ዕቃ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ለአንድ መኪና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው የምለምንዎ የአደጋ መዝገብ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ነው። የአራቱም ጎማ ጥርስ ስንት ሚሊሜትር ነበር፣ የተሠሩት መቼ ነው፣ የትኛው ፊት የትኛው ኋላ ነበር። "ፍሬን እምቢ ብሎት"፣ "መንገድ ስቶ" እያልን እንጽፋለን። መንገዱን ለምን እንደሳተ ግን ካልጻፍነው ማንም ሊያስተካክለው አይችልም።

እኔ በበኩሌ የምችለውን እነግርዎታለሁ። በዚህ ክረምት፣ ወረቀቱን ይዞ ለመጣ ሹፌር ሁሉ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ የማዘዋወር ሥራ በነጻ እሠራለሁ። አየሩንም ለክቼ እሞላለሁ። ለኪዎቹን ማሠልጠን ካስፈለገ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ እመጣለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም።

ያ ልሙጥ የኋላ ጎማ አሁንም ደጃፌ ላይ ተደግፎ አለ። ሹፌሩ ሊጥለው ሲል ተቀበልኩት። ቀጠሮ ከሰጡኝ ደብረ ብርሃን ቢሮዎ ድረስ ይዤው እመጣለሁ፤ እጅዎን ያሳርፉበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደብረ ሲና ጎሚስታ