ፈርኑን አማችዎ እንዳይቆርጠው

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሿ አሁንም "አያቴ መቼ ነው የሚመለሰው?" እያለች ትጠይቃለች። ታምፓ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ ሆኗል። እዚህም ክረምቱ የሚገባው ከእናንተው ጋር ነው፤ ብርዱ ብቻ የለም።

በስልክ እንዳልነግርዎ መስመሩ ይቆራረጣል። ሳይቆራረጥም እርስዎ "እሺ፣ እሺ" ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ልጻፍልዎ አልኩ። ወንድሜ በትልቅ ፊደል አትሞ እንዲሰጥዎ ነግሬዋለሁ።

ጉዳዩ ጓሯችን ያለው ፓልም ነው። ሲሄዱ "ይሄ ዛፍ ተቀጥላ ይዞታል፤ ሳይገድለው ቁረጠው" ብለው አማችዎን አዘዙት። ከዚያ ወዲህ መሰላሉ ከግድግዳው አልተነሣም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "አባባ ያዘዙኝን ልፈጽም" ይላል፤ እኔ "ቆይ እስቲ" እላለሁ። ሣር የሚያጭድልን ሰውዬም "ግንዱን ልላጭላችሁ፣ ንጹሕ ይሆናል" ማለት ጀምሯል። ተቀጥላ ያሉት እኮ ፈርን የሚባል አበባ የሌለው ቅጠላም ተክል ነው። ሦስት ወንድ ሆናችሁ በአንድ ፈርን ላይ ተነሥታችኋል።

ተቀጥላን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሊሙ እያለን ብርቱካኑ ላይ ሲወጣ ከነቅርንጫፉ ነበር የሚያስወርዱት። ላዩን ብቻ ቢመለምሉት ከውስጥ መልሶ ያቆጠቁጣላ! ወፍ ዘሩን ታመጣለች፣ ዘሩ ይጣበቃል፣ ከዚያ ቅርፊቱን ሰብሮ እንጨቱ ውስጥ ይገባና የዛፉን ውኃ ይጠጣል። እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ይሄኛው ግን እንደዚያ አይደለም።

እሑድ ዕለት መሰላሉ ላይ ወጥቼ አየሁት። (አይስጉ፣ አማችዎ ይዞልኛል።) ይሄ ፓልም ሳባል ይባላል፤ ፍሎሪዳ በ1953 የግዛቷ ዛፍ ብላ የመረጠችው ነው፣ በእነርሱ አቆጣጠር። አሮጌው ቅጠል ሲወድቅ ጉቶው ግንዱ ላይ ይቀራል። ጉቶው ከሥሩ ስለሚሰነጠቅ ባላ ይመስላል። እንዲህ ያለ ባላ እላይ እታች ተጠላልፎ ግንዱን ይሸፍነዋል። በባላውና በግንዱ መካከል ደግሞ ኪስ አለ። እጄን ሰደድኩ። የበሰበሰ ቅጠል፣ አቧራ፣ የወፍ ኩስ፤ ሁሉም ተደባልቆ እርጥብ ጥቁር አፈር ሆኗል። መሬት ሳይነካ የተሠራ አፈር! ፈርኑ የሚበላው እሱን ነው። የሚጠጣው ደግሞ በግንዱ የሚወርደውን ዝናብ።

"ሥሩ ወፍሯል" ያሉት ነገር ሥር አይደለም፤ የፈርኑ ግንድ ነው። ቀጥ ብሎ በመቆም ፈንታ አግድም እየተሳበ ይሄዳል። የአውራ ጣት ያህል ውፍረት አለው። ዙሪያውን ወርቅማ ቡናማ ጸጉር ለብሷል፤ ስዳብሰው የቡችላ እግር የያዝኩ መሰለኝ። ጸጉር ይምሰል እንጂ አንዷን ነቅዬ በስልኬ አጉልቼ ሳያት ስስ፣ ሹል ቅርፊት ናት። እውነተኛው ሥር ከሆዱ በኩል የሚወጣ ጠቆር ያለ ቀጭን ክር ነው። አንዱን ጫፍ ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ ተላቀቀ። ከሥሩ ያለው ጉቶ ምንም አልሆነም፤ አልተበሳም፣ አልቆሰለም። ተቀጥላ ቢሆን እንዲህ ይላቀቅ ነበር?

ደግሞም ጉቶው የሞተ ነው። ከሞተ ነገር ምን ይጠባል? ፓልሙ የሚያድገው አናቱ ላይ ባለችው አንዲት እምቡጥ ነው። ሌላ ማቆጥቆጫ የለውም። እሷ ከተቆረጠች ዛፉ አለቀለት፤ ፈርኑ ግን እዚያ አይደርስም፣ ከታች ጉቶው መሃል ነው የሚኖረው። እንዲያውም እኔን የሚያስፈራኝ መሰላል ላይ ወጥቶ መጋዝ የያዘ ሰው ነው።

"ክብደቱስ?" እንደሚሉ አውቃለሁ። በእኛ አቆጣጠር በ2017 መስከረም ማለቂያ ላይ ሚልተን የሚባለው አውሎ ነፋስ ሲመታን የጎረቤት የኦክ ዛፍ ቅርንጫፍ አጥር ላይ ወድቋል። ፓልሙ ከነፈርኑ ቆሞ አደረ።

አሁን ወደ ብርቱካንማው ነገር ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። ቅጠሉን ገልብጠው "ዋግ መትቶታል፣ ይሄው!" ያሉኝን አልረሳሁም። ዕድሜ ልክዎን ቡና ውስጥ የኖሩ ሰው ቅጠል ሥር ብርቱካንማ ዱቄት ሲያዩ ሌላ ምን ሊሉ ነው? እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን ያንኑ እላለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የቡና ዋግ እንደመጣለት ነው ቅጠሉን የሚይዘው፤ እዚህ ትልቅ፣ እዚያ ትንሽ፣ ወዲያው ይስፋፋል፤ ከላይ በኩል ቅጠሉ ይገረጣል። የዚህን ግን ቢያዩት ተሰልፏል። ቅጠሉ እንደ ጣት ተከፋፍሏል አይደል? በየጣቱ መካከል ጅማት ያልፋል። ነጠብጣቦቹ በጅማቱ ግራና ቀኝ በመስመር ተደርድረዋል። ክብ ናቸው፣ ከፍ ከፍ ብለዋል፣ መጠናቸውም ተቀራራቢ ነው። በሽታ እንዲህ ሰልፍ አይጠብቅም።

እያንዳንዱ ነጠብጣብ የስፖር፣ ማለትም የመራቢያ ዱቄት፣ ማኅደሮች ስብስብ ነው። ፈርን አበባ የለው፣ ፍሬ የለው፣ ዘር የለው። የሚራባው በዚያ ዱቄት ነው። ዋጉም የሚዛመተው በስፖር ስለሆነ ዓይንዎ ብዙም አልሳተም፤ የአንዱ ግን በሽታ ነው፣ የሌላው መውለጃ ነው። ደርቆ ሲፈነዳ ነፋስ ይወስደዋል። አብዛኛው የትም ወድቆ ይቀራል። ዕድለኛው እርጥብ ጉቶ ላይ ያርፍና ከጥፍር ያነሰች፣ ስስ፣ ልብ የምትመስል አረንጓዴ ነገር ይሆናል። እሷ ገና ፈርን አይደለችም። ወንዱም ሴቱም ሕዋስ ከሆዷ በኩል ይፈጠራል፤ ወንዱ ሴቷን የሚያገኛት በውኃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። የአንዲት ጠብታ ውኃ ይበቃዋል፤ ያቺ ጠብታ ከሌለች ግን ነገሩ እዚያው ይቀራል። ቡና እንኳ ዝናብ ሲነካው ነው የሚያብበው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለነፋስና ለንብ ይተወዋል። ይሄ እስከ መጨረሻው የውኃ ነገር ነው። ለዚህ ነው ጉቶው ውስጥ ያለው እርጥበት ለእሱ ቤት የሚሆነው። ግንዱ ከተላጨ ውኃው ቁልቁል ወርዶ ያልቃል፣ አፈሩም ይበተናል።

እርስዎ ያዩት ደግሞ በክፉ ጊዜው ነው። የመጡት በሚያዝያ ነው። እዚህ ከኅዳር እስከ ግንቦት ገደማ ደረቅ ነው። ያኔ ቅጠሉ ግማሹ ወድቆ፣ የቀረው ቢጫ ሆኖ፣ ጸጉራሙ ግንድ ራቁቱን ወጥቶ ነበር። ያን ያየ ሰው በሽታ ቢለው አይፈረድበትም። ቅጠሉ ሲያረጅ ከመገጣጠሚያው ለቆ ይወድቃል፤ ጠባሳው ብቻ ግንዱ ላይ ይቀራል። ግንዱ ባጠራቀመው ውኃ ይቆያል። አልፎ አልፎ ውርጭ መጥቶ ቅጠሉን ሁሉ ቢያጠቁረው እንኳ ከዚያው ያቆጠቁጣል። አሁን ቢመጡ አያውቁትም። ክንድ የሚያህል ቅጠል አውጥቷል፤ ሲመቸው ከአንድ ሜትር ያልፋል። ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ስስ ሰም ስለተቀባ ነው። ሰሙ ውኃው ቶሎ እንዳይተን ይረዳዋል።

መጤም አይደለም፣ ባለ አገር ነው። ፍሎሪዳ የአገሩ ሰሜናዊ ጫፍ ናት፤ ጆርጂያ ውስጥ ትንሽ ያልፋል እንጂ ከዚያ በላይ ብርዱን አይችለውም። ወደ ደቡብ ግን በካሪቢያን ደሴቶች፣ በሜክሲኮ፣ በመካከለኛው አሜሪካ አድርጎ እስከ አርጀንቲና ይወርዳል። ኦክ ላይም፣ የወደቀ ግንድ ላይም፣ ቋጥኝ ላይም ይበቅላል። እዚህ ግን ከሳባል አይለይም። የስዊድኑ ሊኒየስ በእነርሱ አቆጣጠር በ1753 ሲመዘግበው "ወርቃማ" ብሎ ነው የሰየመው፤ የሳይንስ ስሙ ዛሬ ፍሌቦዲየም ኦውሬየም ነው። ሰው የጥንቸል እግር ፈርንም ይለዋል።

አብራኝ የምትሠራ የሆንዱራስ ሴት ፎቶውን ሳሳያት "ካላጉዋላ!" ብላ ጮኸች። አያቷ ያን ጸጉራም ግንድ ቀቅለው ያጠጡ ነበር አለችኝ፤ በእሷ ቤት የማይፈውሰው በሽታ የለም። ከዚሁ ተክል የሚወጣ ጭማቂ እዚህ በእንክብል ይሸጣል፣ ቆዳን ከፀሐይ ይከላከላል እየተባለ። እንግዲህ ይህን ያነበቡ ጊዜ ምን እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ዳማከሴውን ማሸት ይችላሉ። ይሄን ግን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሞክረውም። ደግሞም አልክልዎትም።

እህቴም "አንድ ቁራጭ ላኪልኝ" ብላኛለች። ንገሯት፣ ተክል በሻንጣ ወሽቆ ማስገባት አይቻልም፤ የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልገዋል። ባይከለከልም አልልክም። ይሄ ፈርን ሃዋይ ተወስዶ ከግቢ አምልጦ ጫካ ገብቷል። ሊሙ ጫካ ውስጥ ቢለምድ ማን ይለቅመዋል? በረንዳ ላይ ያንጠለጠለችው ፈርንም የዚሁ አገር ዘር ነው። ቦስተን ፈርን ይባላል፤ ወላጁ እዚህ ረግረግ ዳር በዱር ይበቅላል። ፀሐይ ላይ አታድርገው፣ አፈሩ ሳይደርቅ ታጠጣው፤ እሱን ካሳደገች ይበቃታል።

አንድ ነገር ይላኩልኝ። እርሻው በር ላይ ያለው ትልቁ ዋንዛ አለ አይደል፣ ቡናው ሥሩ የሚለቀምበት? እሱም ላይ ፈርን አለ፣ ከዛፍ ሽበቱ ጋር። ልጆቹን ልከው አንዲቷን ጫፍ ቀስ ብለው ያንሡልኝና ከሥሯ ያለውን ቅርፊት ፎቶ ያንሡልኝ። ቅርፊቱ ከተበሳ እኔ ተሸነፍኩ፤ መጋዙን ራሴ አቀብላለሁ። ዋንዛው ግን እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ፈርን ተሸክሟል፤ እርስዎም አንድ ቀን "ይውረድ" ሲሉ አልሰማሁም። የዚያን ፈርን ዝም ብለው የእኔን ለምን ያስቆርጣሉ?

ጉቶው ውስጥ ሌላም ነዋሪ አለ። ትንሿ የምታባርራት አረንጓዴ እንሽላሊት የምትገባው እዚያ ነው። እንደ ጫማ ክር የሚንጠለጠል ቀጭን ፈርንም ወጥቷል። በደቡብ በኩል ደግሞ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ ሌላ ፈርን አለ፤ እዚህ አገር ያረጀ የሳባል ጉቶ ካላገኘ አይኖርም ማለት ይቻላል፤ በፍሎሪዳ ሊጠፉ ከተቃረቡት ዕፅዋት ተቆጥሯል። ሰው ለውበት ብሎ ግንድ ሲላጭ እንዲህ ያለው ነው አብሮ የሚሄደው። ሣር አጫጁ ይህን ስነግረው "እሱ የእኔ ሥራ አይደለም" አለኝ። ሥራው ሣር ነበር እኮ!

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ይህን አንብበው ሲጨርሱ ለአማችዎ ይደውሉለትና "ተወው" ይበሉት። እኔ ብለምነውም "አባባ ሳይፈቅዱ" ይላል። ከቅዳሜ በፊት ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። የእናንተ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ጠዋት ነው፤ ሥራ ሳይገባ ያገኙታል።

መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። ጉልበትዎን ካመመዎት ለእህቴ ይንገሯት፣ አይደብቁ። ለሁሉም ሰላምታ ያድርሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ከታምፓ