ማይኩን ለሌላውም ስጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። በሰው ፊት ስለ መናገር ልጽፍላችሁ ነው፤ ያውም ነገሩን እንደ ጅብ እፈራ የነበርኩ ሰው።

ከስድስት ዓመት በፊት ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ ሥራው መዝገብ መያዝ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓመታዊውን ሪፖርት ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ የሚያነበውም ጸሐፊው ነው። የመጀመሪያው እሁድ ወረቀቱ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ማይኩ ኮሽታውን እየለቀመ በስፒከር ያሰማልኛል። አፌ ደረቀ። ገቢና ወጪውን አደባልቄ አንብቤ ተቀመጥኩ። ከኋላ አንድ አዛውንት "ልጁ ብሩን በልቶት ነው እንዴ እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ወዳጆቼ ስልጠና ግባ አሉኝ፣ ገባሁ። በሦስት ቀን ፍርሃትን ድራሹን እናጠፋለን የሚል ነበር፤ የማን እንደሆነ አልናገርም። አሰልጣኙ አንደበተ ርቱዕ ነው። ሦስቱንም ቀን እሱ ተናገረ፣ እኛ አጨበጨብን። በሦስተኛው ቀን ሰርተፊኬቴን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ፍርሃቴም ተከትሎኝ ገባ።

የጠቀመኝ ሌላ ነው። ወረቀቱን ጠንካራ ክላሰር ላይ አደረግሁት፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ቢንቀጠቀጥም ማንም አያይብኝም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃሌ ያዝኩ፣ ምክንያቱም ልብ ክፉኛ የሚመታው መጀመሪያ ላይ ነው፣ እሷን ደቂቃ ካለፏት እየበረደ ይሄዳል። ከመነሳቴ በፊት ትንፋሼን ቀስ ብዬ፣ ካስገባሁበት አስረዝሜ አወጣለሁ። "ብዙም አልተዘጋጀሁም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ" ማለቱንም ተውኩት። ሰው ያላየውን ጉድለት በገዛ አፍ ማሳበቅ ምን ይባላል?

ደግሞ የአድማጩ ፊት! ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው የሚያዳምጡ እናቶች አሉ። የጠሉኝ ይመስለኝ ነበር። ሲያልቅ "ተባረክ፣ ዛሬስ ገባን" ያሉኝ እነሱው ናቸው። የኛ ሰው ሲያዳምጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ኮስተር ይላል። የሚያንቀላፋም አይጠፋም፤ እሱ ለቅሶ ቤት አድሮ ይሆናል።

ፍርሃቱ ጠፋ ወይ ካላችሁኝ፣ አልጠፋም። ዛሬም ስሜ ሲጠራ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ግን ተላምደናል።

አሁን የጻፍኩበት ጉዳይ። "ዓይነ አፋርነት ባህላችን ነው" ሲባል ያናድደኛል። ልጅን "ጭምት ነው" ብለን እንደምናሞግስ፣ "ዝም አይነቅዝም" እንደምንል አውቃለሁ። ግን ይሄው አገር "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ በግጥም የሚሟገቱበት፣ ሰውም ተሰብስቦ ማን አንደበቱ እንደቀና የሚፈርድበት አገር ነበር። የቅኔ ቤቱን ተማሪ እዩት። ከጉባኤ ቃና፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ካላት አጭር ቅኔ ይጀምራል። ቅኔውን በልቡ አሰናድቶ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል፣ ነገም ይመለሳል። እዚያ "እኔ ዓይነ አፋር ነኝ" ብሎ ማምለጥ የለም።

እኛስ? በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሚባል አለ። ማይኩን የሚይዙት ግን ብዙ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ያው ሁለት ሦስት ልጆች ናቸው፣ ድምፃቸው ያማረ፣ ድሮም የማይፈሩት። ሌላው ሰልፍ ላይ ቆሞ እየሰማ 12ኛ ክፍል ይደርሳል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ "ፕሬዘንቴሽን አቅርብ" ይባላል፣ ያውም በእንግሊዝኛ፤ ሲንተባተብ ይሳቅበታል፣ በዚያው አፉን ይዘጋል። ቋንቋን ካነሳሁ አይቀር፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያስተጓጉሏቸው ሞክረው ነበር። ዝም ብለው ጠበቁ። ረባሾቹ ከተባረሩ በኋላ ነው ንግግራቸውን ያሰሙት፤ ፈረንሳይኛ እያወቁ፣ በአማርኛ። እንግሊዝኛ ጣል ካላደረጉ የተናገሩ የማይመስላቸው የስብሰባ ሰዎች ይቺን ቢያስቧት ደስ ይለኛል።

እኔ ዘንድሮ ሪፖርቱን ከፋፈልኩት። እያንዳንዱ የያዘውን ሥራ ራሱ ያንብብ አልኩ፤ አንዳንድ ገጽ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ሰብሳቢያችን "ጊዜ ይፈጃል" ብለው አጉረመረሙ። እውነት ነው፣ ይፈጃል። አንዱ ወጣት መሃል ላይ ጠፋበትና ከላይ ጀምሮ ደገመው፤ ማንም አልሳቀም።

የእቃ ቤቱ ተራ ደረሰ። እቃ ያዧ ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቅ እናት ናቸው። ማይኩን እንደ ጭልፋ ጨብጠው ተነሱ። የጻፍኩላቸውን ወረቀት ዓይናቸው ሥር እንኳ አላደረጉትም። "ስድስት ድስት ጠፍቷል" አሉ። ትንሽ ዝም አሉና "ማን እንደወሰደውም አውቃለሁ" ብለው ተቀመጡ።

ሰኞ ጠዋት አራቱ ተመለሱ።

የእድሩ ጸሐፊ
ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ