ከእንጀራው በፊት ውሃው

ለአዘጋጁ፣

«ሰው ያለ ምግብ ስንት ቀን ይቆያል?» በሚል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ረሃብ የተባለው ልክ ነው። ውሃን ግን በአንድ መስመር አልፋችሁታል። ለድሬዳዋ አንባቢ ይህ አይበቃም።

ውሃ እየጠጣ ምግብ የተወ ሰው ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በ1981 እ.ኤ.አ. በሰሜን አየርላንድ የረሃብ አድማ ከመቱት እስረኞች የ10ሩ ሕይወት ያለፈው ከ46 እስከ 73 ቀን ቆይተው ነው። ሰውነት ስቡንና ጡንቻውን እየበላ ይቆያል። ለውሃ ግን እንዲህ ያለ ጎተራ የለውም። ያለ ውሃ አብዛኛው ሰው ከጥቂት ቀናት አያልፍም። በእኛ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ያም ያጥራል፤ ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው በሰዓት 1 ሊትር ያህል በላብ ሊያጣ ይችላል። በከተማችን ታይዋን በሚባለው ገበያ ጭነት የሚያወርዱትን ልጆች ማየት ነው። ጫቱ ረሃቡን ያስረሳቸው ይሆናል፤ ላቡን ግን አይተካም።

ከተማ አስተዳደሩ በሙቀቱ ወራት በመጋላ፣ በታይዋንና በባጃጅ መቆሚያዎች ጥላ ሥር ቧንቧ ያለው የንጹሕ ውሃ በርሜል ያስቀምጥ። ጎኑ ላይም የሰውነት ውሃ ማጣት ምልክቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጻፉበት፦ የጠቆረ ሽንት፣ ራስ ማዞር፣ ግራ መጋባት።

አንባቢያችሁ፣ ከሳቢያን